ያልተለቀቀው ከፍታ

የጎባ ሰው ደምመላሽን «ሰማይ ቆራሽ» ይለው ነበር። ግማሹ ፌዝ ነው፣ ግማሹ ቅናት። ጋሻ መሬት የሚቆርስ ሹም በሞላበት አገር፣ ነፋስና ደመና ቆርሶ የሚያድል ሰው ሌላ ምን ይባላል? አባቱ ከሸዋ ከጦር ጋር መጥተው ጎባ የቀሩ ወታደር ነበሩ፤ እናቱ ደግሞ የሮቤ ልጅ። ከአባቱ ቁመት፣ ከእናቱ ኦሮምኛና ትዕግሥት ወረሰ። መሬት ግን አልደረሰውም። ሬዲዮ መነካካት የተማረው በጦር ሠራዊቱ መገናኛ ክፍል ነው። ከዚያ ሲወጣ በሮቤና በጎባ መካከል ባለው የአውሮፕላን ማረፊያ አውሮፕላኖችን በሬዲዮ እንዲመራ ተቀጠረ።

ማረፊያ ሲባል የዛሬው ዓይነት እንዳይመስላችሁ። የታጨደ ሣር ነው፤ አንድ የቆርቆሮ ክፍል፣ አንድ የነፋስ አቅጣጫ የሚያሳይ ከረጢት የሰቀለ እንጨት፣ ከብት የሚያባርሩ አንድ ዘበኛ። ዘበኛው ኦቦ ባዳሳ ይባላሉ፤ ደምመላሽን በዕድሜ እጥፍ ሊሆኑት ምንም አልቀራቸውም። አውሮፕላን ሲመጣ ጅራፋቸውን እያጮሁ ከብቱን ወደ ዳር ያወጣሉ፤ ሲሄድ ከብቱ ይመለሳል፤ እሳቸውም ካፖርታቸውን ተከናንበው ይቀመጣሉ።

ራዳር የሚሉት፣ አውሮፕላንን በጉም ውስጥ የሚያሳይ መሣሪያ፣ ያን ጊዜ በአገሩ በወሬ እንጂ በዓይን አይታወቅም። ደምመላሽ ያለው ሬዲዮ፣ የግድግዳ ሰዓትና ጠባብ ወረቀት የሚሰካበት የእንጨት ሰሌዳ ነው። ለእያንዳንዱ አውሮፕላን አንድ ወረቀት። አብራሪው የት እንዳለ፣ በምን ከፍታ እንደሚበር፣ ቀጥሎ የት መቼ እንደሚደርስ ይነግረዋል፤ ቀሪውን ደምመላሽ በጭንቅላቱ ይሥላል። አንዱ ከሌላው ኋላ የሚመጣ ከሆነ በደቂቃ ያራርቃቸዋል። አንድ ላይ ከደረሱ ደግሞ እንደ ቆጥ ዶሮ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች፣ አንድ ሺ ጫማ እያለያየ ይሰቅላቸውና ተራቸው እስኪደርስ እዚያው ያዞራቸዋል። አንዳቸውንም አያያቸውም። ጆሮውን ነው የሚያምነው።

ሕጉም አንድ ነው። ከፍታ የሰጠኸው ሰው በገዛ አፉ «ለቅቄአለሁ» እስኪል ድረስ ያ ከፍታ የእሱ ነው። ይመስለኛል፣ ሳይለቅ አይቀርም፣ ብሎ ነገር የለም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ይህ ልማድ ቤቱም ገብቶበት ነበር። ሚስቱ ሠርከአዲስ «እንግዳ እንኳ አንዱ ሳይወጣ ሌላው እንዲገባ አይወድም፤ ሁለት ሰው በር ላይ ከተገናኘ ያልበዋል» እያለች ጎረቤት ታስቅበት ነበር። እሱም ይስቃል። ግን እውነቷን ነው፤ ገበያ መሐል እንኳ ሁለት አህያ ፊት ለፊት ሲመጣ ካየ ቆሞ አንዱን ማስቀደም ይቃጣዋል።

ባሌ በታወከበት በዚያን ሰሞን ሰማዩ ሥራ በዝቶበታል። ከጊኒር የሚመላለስ የጦር አውሮፕላን አለ፤ ከአዲስ አበባ ሕዝብ የሚያመጣ፣ ዳኮታ የሚሉት ባለ ሁለት ሞተር አለ፤ መሬት የሚለኩ ሰዎች የተከራዩት ባለ አንድ ሞተር ትንሽ አውሮፕላንም ነበረ። የዚህችኛዋ አብራሪ ያኒ የሚባል ሽበታም ግሪካዊ ነው። አዲስ አበባ ብዙ ዓመት ኖሯል፤ አማርኛውን አሳምሮ ይናገራል፣ «ሽ»ን ግን አንደበቱ እንቢ አለው። ደምመላሽን «ደምመላስ» ይለዋል። ከሃረና ጫካ በኩል በመጣ ቁጥር አንድ ቅል ማር ይዞለት ይወርድና ሳይቀመጥ «አካም ጅርታ፣ ደምመላስ!» ብሎ በኦሮምኛ ሰላም ይለውና ትከሻውን ይመታዋል። ዘመድም ልጅም አልነበረውም። የሚጠብቀኝ የለም ማለት ይወድ ነበር፤ እያሳቀው።

አንድ ቀን ጉሙ ሜዳውን ሞልቶት ሳለ ያኒ ከሃረና በኩል ጠራ። ዳኮታው ከሥሩ ሊያርፍ እየወረደ ስለነበረ ደምመላሽ «ያኒ፣ አሥራ ሦስት ሺ ላይ ሁን። እስክጠራህ ጠብቅ» አለው።

«አሥራ ሦስት ሲ። እየጠበቅሁ ነው» አለ ያኒ።

ዳኮታው አረፈ። ደምመላሽ ያኒን ሊያወርድ ጠራው። መልስ የለም። ደጋግሞ ጠራ። ጉሙ ተገልጦ ሰማዩ እስኪጠራ፣ ጉሮሮው እስኪዘጋ ጠራ። ከዚያ በኋላ የጦር አውሮፕላን የሳነቴን ተራራ ዞረ፤ እግረኛ ሃረናን ከታች እስከ ላይ አሰሰ። አንድ ቁራጭ ብረት፣ አንድ ጨርቅ አልተገኘም። መሬት ለኪዎቹ ሌላ አውሮፕላን ተከራዩና ሥራቸውን ቀጠሉ።

ደምመላሽ ግን የያኒን ወረቀት ከሰሌዳው አላወጣም። አሥራ ሦስት ሺንም ከዚያ ቀን ጀምሮ ለማንም አልሰጠም። አሥራ ሁለት ይሰጣል፣ አሥራ አራት ይሰጣል፤ አሥራ ሦስትን ዘሎ ያልፋል። አብራሪዎቹ ነቁበት። የዳኮታው ካፒቴን ደጀኔ፣ አብሮ አደጉ፣ «አሥራ ሦስት ሺን ለማን አጭተሃት ነው?» እያለ በሬዲዮ ያበሽቀዋል።

«ሰው አለበት» ይላል ደምመላሽ። ካፒቴኑ ቀልድ መስሎት ይስቃል።

ቀልድ አልነበረም። ጉም በወረደ ቁጥር ሬዲዮው ጠቅ ይላል፤ የሆነ ሰው መናገሪያውን ተጭኖ ሳይናገር የቆየ ያህል፣ እስትንፋስ የሚመስል ነገር ከተናጋሪው ይወጣል። ከዚያ ጠቅ ብሎ ይዘጋል። መጀመሪያ መሣሪያው ታሞ ነው ብሎ ፈታቶ ጠረገው። አልተወውም። ጥርት ባለ ቀን ግን ድምፁ የለም። ጉሙ ከሳነቴ ሲወርድ ይመጣል፤ ጉሙ ሲነሣ ይሄዳል።

ለኦቦ ባዳሳ ብቻ ነገራቸው። ይስቁብኛል ብሎ ነበር፤ ሽማግሌው ግን ሳይስቁ ጅራፋቸውን ጠቀለሉ።

«ከብቱም ያውቃል፣ ደምመላሽ ኮ፣ ልጄ» አሉት። «ጉም ሲሆን ሣሩን ትቶ ቀና ይላል። ሁሉም። ሁሉም ወደ አንድ ቦታ ያያል፣ ወደ ላይ። እኔም አብሬ አያለሁ። ሂንጅሩ፣ ምንም የለም።»

«ለምን እስከዛሬ አልነገሩኝም?»

«አንተ ለምን አልነገርከኝም?»

ደምመላሽ ከዚያ ወዲያ ጉም ሲወርድ በመስኮቱ ወደ ከብቱ ላለማየት ጀርባውን ሰጥቶ መቀመጥ ጀመረ። የፈራው ሟቹን አልነበረም። ያስጨነቀው ያኒ እየጠበቀ መሆኑ ነው፤ ጠብቅ ያለውም እሱ ራሱ ነው። ደጅ የሚጠና ሰው ጌታው እስኪወጣለት በር ላይ ይውላል፤ ግን አንድ ቀን ጌታው ይወጣል ወይም ሂድ ይባላል። ያኒን ማን ሂድ ይበለው? ብዙ ጊዜ መናገሪያውን ያነሣና «ያኒ፣ በቃህ፣ ልቀቅ» ሊል ከንፈሩን ያላቅቃል። ቃሉ አይወጣም። ከለቀቀ ወዴት ነው የሚሄደው? እያለ መልሶ ያስቀምጠዋል።

እንዲህ እንዳለ ሦስት ዓመት አለፈ።

ሠርከአዲስ ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱም ጊዜ ልጅ አልቀረላትም ነበር። በሦስተኛው አዲስ አበባ ሄዳ እንድትወልድ ተወሰነ። በደህና ወለደች፤ ሴት ልጅ። አርባዋን ከወጣች በኋላ፣ በጥቅምት መጀመሪያ አንድ ማለዳ፣ የአዲስ አበባው ሬዲዮ ሠራተኛ «ደምመላሽ፣ አደራህን በዳኮታው ልከንልሃል፤ ሁለት ሆና ነው የምትመጣው» ሲል አበሠረው። ደምመላሽ ወንበሩ ላይ መቀመጥ አቃተው። ኦቦ ባዳሳ ሜዳውን ከወትሮው ቀደም ብለው አጸዱለት።

ዳኮታው ከአዲስ አበባ ሲነሣ ጎባ ፀሐይ ነበር። አዳባን ሲያልፍ ጉሙ ከሳነቴ መውረድ ጀመረ። ዲንሾ ላይ ሲደርስ ከቆርቆሮው ክፍል የነፋሱ ከረጢት አይታይም ነበር።

በዚያው ሰዓት መቶ አለቃ ለታ የሚባል ወጣት የጦር አብራሪ ከጊኒር መጥቶ ሜዳው ላይ ደርሷል። ደምመላሽ አሥራ ሁለት ሺ ሰጥቶ ጉሙ እስኪገለጥ እንዲዞር አዘዘው። እሺ አለ። ቀጥሎ ዳኮታው ደረሰ፤ ለእሱም እንደ ልማዱ አሥራ ሦስትን ዘሎ አሥራ አራት ሺ ሰጠው። ሁለት ወረቀት በሰሌዳው ላይ፣ በመካከላቸው ያ የቆየው፣ ጠርዙ ቢጫ የሽንኩርት ልጣጭ የመሰለው የያኒ ወረቀት።

ጥቂት ቆይቶ ደምመላሽ መቶ አለቃውን ጠራ። መልስ የለም። ደግሞ ጠራ። የለም። ይህን ዝምታ ያውቀዋል።

ካፒቴን ደጀኔ ገባበት፤ ድምፁ ውስጥ ያ የማብሸቅ ቃና አልነበረም። «ደምመላሽ፣ በረዶ ክንፌን እየያዘው ነው። አንዱ ሞተር ይስላል። ስወጣ እንዳየሁት አሥራ ሦስት ላይ ዝናብ እንጂ በረዶ የለም። አንድ ሺ ጫማ ብቻ ዝቅ አድርገኝ።»

«ጠብቅ።»

«ምኑን ነው የምጠብቀው? አሥራ ሦስት ባዶ ነው!»

ደምመላሽ ሰሌዳውን አየ። አሥራ ሁለት ላይ አፉ የተዘጋ መቶ አለቃ። አሥራ አራት ላይ ሚስቱና ገና ያላያት ልጁ፣ በረዶ እየከበደው ባለ ክንፍ ሥር። መካከሉ ላይ የወረቀት ቁራጭ። መስጠት ይችላል። ማን ይጠይቀዋል? መናገሪያውን አነሣ።

ሬዲዮው ጠቅ አለ። ያ እስትንፋስ ወጣ። በዚህ ጊዜ ግን አልተዘጋም።

«ደምመላስ» አለ ድምፁ፣ ከሩቅ ግን ጥርት ብሎ። «አሥራ ሦስት ሲ ላይ ነኝ። እየጠበቅሁ ነው።»

ደምመላሽ ጀርባ ወደ ሰጠው መስኮት ዞረ። በመስኮቱ፣ ጉሙ ሳሳ ባለበት በኩል፣ ኦቦ ባዳሳ ወደ ዳር ያወጧቸው ከብቶች ታዩት። አንድም የሚግጥ የለም። ሁሉም አንገታቸውን ቀና አድርገው ከጣሪያው በላይ ያለውን ነጭ ነገር ያያሉ። ሽማግሌውም በመካከላቸው ቆመው ያያሉ።

«ደምመላሽ!» አለ ካፒቴኑ። «ሁለተኛው ሞተር ጀመረው። ስጠኝ!»

ጆሮዬ ነው፣ ጭንቀቴ ነው፣ ብሎ ለራሱ ሊነግረው ሞከረ። ነገር ግን ዕድሜውን ሙሉ፣ አንድ ሰው «እዚህ ነኝ» ብሎት ያንን ቦታ ለሌላ ሰጥቶ አያውቅም። ሚስቱን በዚያ ድምፅ ላይ ሊያወርዳት አልቻለም። እዚያው ሊተዋትም አልቻለም። የቀረው ሦስት ዓመት ሙሉ ከጉሮሮው ያልወጣው ቃል ብቻ ነበር። መናገሪያውን ተጫነው።

«አሥራ ሦስት ሺ ላይ ያለህ፣ ስማኝ» አለ። ስም መጥራት አልሆነለትም። አሥራ ሁለት ላይ በሚዞረው መቶ አለቃ ላይ እንዳያወርደው መንገዱን አራቀለት። «ብዙ ጠበቅህ። በቃህ። ከተራራው ፊትህን መልስ፣ ወደ ሮቤ ሜዳ፣ ወደ ሰሜን ያዝ። አሥራ ሦስትን ልቀቅና ውረድ። መጀመሪያ የምታርፈው አንተ ነህ።»

«ለማን ነው የምታወራው?» አለ ካፒቴን ደጀኔ። «ከእኔ በቀር የሚያናግርህ የለም እኮ! ማን መለሰልህ?»

ደምመላሽ አልሰማውም። ሰዓቱን እያየ ይጠብቃል፤ ሰከንዷ እግሯን የምትጎትት መሰለው። ከዚያ ድምፁ መጣ፤ እንደ ድሮው ማር ይዞ ሲገባ የነበረው ድምፅ።

«አሥራ ሦስት ሲ ለቀቅሁ። ደህና ሁን፣ ደምመላስ።»

ጠቅ።

ደምመላሽ የያኒን ወረቀት ከሰሌዳው ነቀለ። «ካፒቴን» አለ፣ «አሥራ ሦስት ሺ ያንተ ነው። ውረድ።»

ወዲያው ከሮቤ በኩል የሞተር ድምፅ ተሰማ። ኦቦ ባዳሳ ጅራፋቸውን ጥለው «ያ ረቢ! ያ ረቢ!» እያሉ ወደ ክፍሉ ሲሮጡ፣ ከጉሙ ሥር የአውሮፕላን ጎማ ብቅ አለ፣ ከዚያ ሆዱ፣ ከዚያ ክንፉ። ደምመላሽ ዓይኑን ጨፈነ። የሚያርፈውን ሊያይ አልደፈረም። ሣሩ ላይ ሲንከባለል፣ ሲዞር፣ ሞተሩ ሲጠፋ ሰማ። በሩ ሲከፈት ሰማ። የቆዳ ቦት እርጥብ ሣር ሲረግጥ ሰማ። ወደ ክፍሉ የሚመጣው እግር በር ላይ ሲቆም ነው ዓይኑን የገለጠው።

መቶ አለቃ ለታ ነበር። ፊቱ ዐመድ መስሏል። ሰላምታም ሳይሰጥ የደምመላሽን እጅ በሁለት እጁ ያዘ።

«ጋሼ፣ እንዴት አወቁ?» አለው።

«ምኑን?»

«አሥራ ሦስት ላይ መሆኔን! አሥራ ሁለት ላይ እንዳለሁ ጉሙ ትንሽ ሲገለጥ ጥቁር ገደል ከክንፌ አጠገብ አየሁ። ደንግጬ ሽቅብ ወጣሁ። ልነግርዎት ብል መናገሪያዬ ሞቷል። መስማት እሰማለሁ፣ መናገር የለም። ካፒቴኑ አሥራ ሦስትን ስጠኝ ሲልዎት፣ ወየው እላዬ ላይ ሊያወርዱት ነው ብዬ እየጮህኩ ነበር። አሥራ ሁለትን ደግሞ ለቅቄዋለሁ፤ ለማን እንደ ሰጡት በምን ላውቅ? የምሸሽበት ጠፋኝ። ያኔ እርስዎ ‹አሥራ ሦስት ሺ ላይ ያለህ፣ ልቀቅና ውረድ› አሉኝ።»

ደምመላሽ የነቀለውን ወረቀት አየ። «ከዚያ በፊት ‹እየጠበቅሁ ነው› ብለው ነበር?»

«መናገሪያዬ ሞቷል አልኩዎት እኮ።»

«ሲለቁስ? ‹ደህና ሁን› አላሉኝም?»

መቶ አለቃው ደምመላሽን ትክ ብሎ አየና እጁን ቀስ አድርጎ ለቀቀ።

ጉሙ ከጎባ በኩል መነሣት ጀመረ። ዳኮታው አሥራ ሦስት ላይ በረዶውን አራግፎ፣ እየሳለም ቢሆን ወርዶ አረፈ። ካፒቴን ደጀኔ ልጨቃጨቅ ብሎ እየተንደረደረ ገባ፤ መቶ አለቃው ነገሩን በጆሮው ሲነግረው ግን ቅርብ ያገኘው ሣጥን ላይ ተቀመጠ። ሠርከአዲስ ልጅዋን በጋቢ ጠቅልላ ሣሩን ተሻገረች። ከላይ ምን እንደ ነበረ አታውቅም፤ ልጅቱ መንገዱን ሙሉ እንደ ተኛችላት እየሳቀች ትናገራለች። ደምመላሽ አቀፋቸው። የልጅቱን ግንባር ሳመ። ቆይ መጣሁ ብሎ ወደ ክፍሉ ተመለሰና በሩን ገጠመው።

ሬዲዮው ፊት ተቀመጠ። «ያኒ» ብሎ ጠራ፣ በስሙ። ጠበቀ። «ያኒ፣ ደምመላሽ ነኝ።» ጠቅታም አልነበረም፣ እስትንፋስም አልነበረም። ባዶ ነው። አየር ብቻ። ያን ጊዜ ራሱን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ፣ እንደ ሴት እንደ ሕፃን፣ ድምፁን ሳያፍን አለቀሰ።

ኦቦ ባዳሳ በሩን ገፍተው ገቡ። ወደ ውጭ አዩ፤ ሚስትየው ደህና ናት፣ ልጅቱ ደህና ናት። ወደ ደምመላሽ አዩ።

«ማል ተኤ? ምን ሆነ? ማን ሞተ?» አሉት።

«ያኒ።»

«መቼ?»

«አሁን» አለ ደምመላሽ። «አሁን አሰናበትኩት።»

ሽማግሌው ቆባቸውን አወለቁ። ለምን፣ እንዴት አላሉም። ካፖርታቸውን ወለሉ ላይ አንጥፈው ግድግዳውን ተደግፈው፣ ለቅሶ ቤት እንደሚቀመጥ ሰው ተቀመጡ።